የዶን ቤቶ ጾም እና የእኔ አጃ

ሰኞ፣ የዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሳምንት

ዛሬ ዶን ቤቶን አንበረከክኩት። በዶሚኖ አይደለም፤ በዶሚኖማ እንደ ልማዱ ደጋግሞ አሸንፎኛል። በጾም ነው ያንበረከክኩት።

ነገሩ የተነሣው ከዓሣ ነው። የአዛውንት አፓርትመንታችን ምድር ቤት ካለው አዳራሽ ቁጭ ብለን ጠጠር እየደረደርን፣ ዓርብ ማታ በቤተ ክርስቲያናቸው ስለሚጠበሰው ዓሣ ያወራልኛል። ሰውዬው ሜክሲኳዊ ነው፤ ካቶሊክ ነው፤ እነሱም ጾም ገብተዋል። ዓሣው ቶርቲያ በሚሉት ስስ ቂጣ ይጠቀለላል፣ በላዩ ጎመን፣ በላዩ ክሬም። ከዚያ ደግሞ አይብና ዘቢብ የገባበት ጣፋጭ ዳቦ ይከተላል። ምራቁን እየዋጠ ነው የሚነግረኝ።

«ቆይ፣ ቆይ» አልኩት፣ «ይሄ ጾም ነው ወይስ የሠርግ መልስ?»

«ጾም ነው እንጂ!»

«እንዲህ ያለ ጾም በልጅነቴ አግኝቼ ቢሆን ዓመቱን ሙሉ አልፈስክም ነበር።»

ጆሮው ቀላ። ጆሮው ሲቀላ ደስ ይለኛል፤ ስለዚህ ጨመርኩበት። የእኛን ጾም ዘረዘርኩለት። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ዕንቁላል የለ፣ ዓሣ የለ። ከዚያ ጠጠሬን ጠረጴዛው ላይ ጠብ አደረግኩና «ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በእናንተ አቆጣጠር እስከ ሦስት፣ እህልም የለ ውሃም የለ» አልኩት።

የያዘውን ጠጠር አስቀመጠ። «አንተም እንደኔ ስኳር አለብህ አይደል እንዴ? እንዴት ቻልከው?»

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ጣቴን ወደ ጣሪያው ቀሰርኩና «እሱ ይሸከመኛል» አልኩት።

እዚህ ግን ማንም አያየኝምና እውነቱን ልጻፍ። እኔ በየጠዋቱ አንድ ሳህን አጃ በውሃ አፍልቼ እበላለሁ፤ ክኒኔን በላዩ እውጣለሁ። በጾምም በፍስክም። ስኳር ከያዘኝ ወዲህ የንስሐ አባቴ ፈቅደውልኛል። የምሽረው ሰዓቱን እንጂ ምግቡን አይደለም። ኃጢአት አይባልም። ግን ሰው ፊት የሚያስፎክር ነገርም አይደለም። ለዶን ቤቶስ ቢነገረው ምን ይጠቅመዋል?

ደግሞ ያ ጆሮ! በርበሬ ነው የመሰለው።

ማክሰኞ

ማህሌት እራት ይዛልኝ መጣች። የልጄ ልጅ ናት፤ ከወላጆቿ ጋር ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ነው የምትኖረው። እዚሁ አሜሪካ ተወልዳ ስፓኒሿ ከአማርኛዋ በልጧል። ይህን ስነግራት «አባባ፣ ስፓኒሽ ደመወዝ ያስገኛል» ትለኛለች።

እውነቷን ነው፤ ሥራዋ ነው። ወደ ላቲኖዎቹ ቤተ ክርስቲያናት እየሄደች ስለ ስኳር በሽታ ታስተምራለች። ባለፈው ዓመት አንድ ሐኪም ይዘው ሄደው ነበር አለችኝ። ሐኪሙ ስላይድ አበራ፤ የተበላሸ ኩላሊት፣ የታወረ ዓይን፣ የተቆረጠ እግር። መጨረሻ ላይ «ስኳር ያለበት ሰው አይጹም» ብሎ ቁጭ አለ። ሰዎቹ ኮታቸውን እያነሡ ወጡ። አንዱ በሩ ላይ ቆሞ፣ «አትጹም የሚለኝ ሰው አትመን እያለኝ ነው» አላት።

ስለዚህ ዘንድሮ አካሄዷን ለውጣለች። መጀመሪያ ትጠይቃለች። ጾሙ ለእናንተ ምንድነው? ለማን ተሳላችሁ? እናታችሁ ስትታመም እንዴት ታደርግ ነበር? «ሳይንሱን ከበር ውጭ ፓርክ አድርጌ ነው የምገባው» አለችኝ፣ «እነሱ ሲጠሩት ነው የሚገባው።» ጥሩ አባባል ነው። ከማን ወረሰችው ብዬ ራሴን አሞገስኩ።

ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ በዶን ቤቶ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ። ዋና ሰውዋም እሱ ነው፤ ወንዶቹ የሚሰሙት እሱን ነው። ዶን ቤቶ ግን ሐኪም የሚያምን ሰው አልነበረም። ሚስቱን የገደላት ስኳሩ ሳይሆን ክኒኑ ነው ይላል። ለስኳሩ ቁልቋል ጨምቆ ይጠጣል። እኔ «ቁልቋል የፍየል ነው» እያልኩ ስስቅበት፣ ማህሌት ግን «እንዴት አድርገው ነው የሚጨምቁት?» ብላ ጠየቀችው። ቁጭ ብላ ሰማችው። በዚያች ጥያቄ ነው የገዛችው። ከዚያ ወዲህ ቁልቋሉንም ይጠጣል፣ ክኒኑንም ይውጣል። ቅዳሜ ወንዶቹን ሰብስቦ ሊያመጣላት ቃል ገብቷል።

«አባባ፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያንስ የታመመ ሰው ላይ ምን ትላለች? እነግራቸዋለሁ» ብላ ጠየቀችኝ።

«የታመመ ሰው እንዳይነጫነጭ ትገዝታለች» አልኳት። ሳቀች፤ ሳህኑን አጥባ ሄደች።

አሁን የዛሬውን ልጻፍ። ዶን ቤቶ ዛሬ ብስኩት ሲቀርብለት እምቢ አለ። «እስከ ሦስት» አለኝ፣ ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀስሮ። ልክ እንደኔ። ከትላንት ጀምሮ ይዞታል ለካ! «ክኒኔን ግን በጠዋት ውጫለሁ፤ ክኒን እህል አይደለም፣ ጾም አይሽርም» ብሎ ሊያስረዳኝ ሞከረ።

እኔ የራሴን ክኒን ያለ አጃ የማልውጠው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሐኪሙ እስኪሰለቸኝ ነግሮኛል። ታዲያ ምን አልኩት? «ገና ተማሪ ነህ፤ ሳምንቱን ከጨረስክ ድቁና እሰጥሃለሁ።» እጁን ጨብጬ አወዛወዝኩት። ከዚያ በዶሚኖ አሸነፍኩት። ሰውዬው ሲርበው አይጫወትም።

ለማህሌት ይህን አልነገርኳትም። ረሳሁት ብዬ ልጽፍ ነበር። አልረሳሁትም።

ረቡዕ

ምን ብዬ ልጀምር።

ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ላብ አጠመቀው። ማሞቂያው ነው ብዬ ተውኩት። ስድስት የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ሦስት አስቀመጠ። «ዶን ቤቶ፣ ቁጥርም ትጾማላችሁ እንዴ?» አልኩት። ቀና ብሎ ሲያየኝ አያውቀኝም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቃል የለውም። ሳቅኩ። አዎ፣ ሳቅኩ። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነው፤ አሁን የእሱ ተራ ነው ብዬ።

ጠጠሮቹ ከእጁ ረገፉ። ያን ጊዜ ገባኝ። በእኔም ደርሶ ያውቃል፤ ስኳር ሲወርድ ሰው ምን እንደሚመስል ይህን ሕንጻ ብትዞሩ ከኔ በላይ የሚያውቅ አታገኙም። ለዚሁ ብዬ ኪሴ ውስጥ ከረሜላ አይጠፋም። እጄ ኪሴ ገባ። ከረሜላውን ያዘ። እዚያው ቆመ።

ለምን ቆመ? አዳራሹ ውስጥ ሰው ነበር። ሁሉም ስለ ጾሜ ስፎክር ሰምተውኛል። «እስከ ሦስት ምንም አይቀምስም የተባለው ሽማግሌ ከረሜላ በኪሱ ይዞ ይዞራል» ይሉኛል ብዬ አሰብኩ። ሰው ከፊቴ እየሄደብኝ ያሰብኩት ይህን ነው። ብዙ አልቆየሁም። ግን ቆየሁ።

ልጬ ወደ አፉ ሳስጠጋለት ጥርሱን ገጠመ። ራሱን ነቀነቀ። አንዲት ቃል ብቻ ወጣችው፤ «ሦስት» አለ። ከዚያ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወረደ።

የሕንጻው ኃላፊ ሮጣ መጣች፤ ደወለች። የአምቡላንስ ሰዎች መጥተው ክንዱ ላይ መርፌ ሰኩለት። አንደኛዋ ወደኔ ዞራ «በልቷል?» አለችኝ። አልበላም። «ክኒኑንስ?» ውጧል። «ለምን ሳይበላ?» ጾም ነው አልኳት። ከዚያ በላይ አልወጣኝም። እሷም ፊቴን አይታ ስለ ወዳጁ የደነገጠ ደግ ሽማግሌ መስያት ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ያ መታ መታ እስካሁን ያቃጥለኛል።

ሐሙስ

ጠዋት አጃዬን አፈላሁ። ክኒኔን ዋጥኩ። ሰውየው ሆስፒታል ተኝቶ እኔ ማንኪያ ስልስ ራሴን ጠላሁት። ግን በላሁ፤ ጨርሼ በላሁ።

ሮሳ መጣች፤ የዶን ቤቶ ልጅ። ከጎረቤት ከተማ ከሌክውድ ነው የምትመላለሰው። ልብሱን ልትወስድ መጥታ በሬን አንኳኳች። ተርፏል። ነፍስ አውቋል። ነገር ግን ሆስፒታልም ሆኖ ከሦስት በፊት አልበላም ብሎ አስቸገረ። ሐኪሙ ጮኸበት፤ እሱም አንሶላውን ፊቱ ላይ ሳበ።

«ምን እንዳለኝ ልንገርዎት?» አለችኝ፣ «‹ጓደኛዬ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ስኳርም አለበት፣ እሱን እግዚአብሔር ይሸከመዋል፤ እኔን የጣለኝ እምነቴ ስላነሰ ነው› አለኝ።» ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «እርስዎ ጠንካራ ነዎት፤ እባክዎ ይምከሩት። እርስዎን ይሰማል።»

እሺ አልኳት። ምን እላታለሁ?

ማታ ማህሌት ደወለች። ድምጿ ልክ አይደለም። ወሬው ቤተ ክርስቲያኑን ሞልቶታል፤ ዶን ቤቶን የጣለው ክኒኑ ነው ተብሏል። ጾም ሰው አይጥልም፣ መድኃኒት ነው የሚጥል፣ የሚስቱንም አይተናል እየተባለ ነው። ሁለት ሴቶች ክኒናቸውን አቁመዋል። የቅዳሜው ስብሰባ ይቅር የሚሉም አሉ። ዓመት ሙሉ በየቤታቸው እየተቀመጠች የሰማቻቸው ሰዎች ናቸው። አለቀሰች። ከልጅነቷ ወዲህ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም።

«አንድ ሽማግሌ ነው አሉ እንዲህ ጹም ያለው። እዚያ እርስዎ ሕንጻ ያለ። ያውቁታል አባባ?»

«እዚህ ሕንጻ ሽማግሌ መች ጠፋ» አልኳት።

ልጅቷ እያለቀሰች። «ቀልድና ቅዘን ቤት ያበላሻል» ይላሉ፤ ስንቴ ሰምቼው ስቄበታለሁ።

የምፈራውን ልጻፍ፦

ማህሌት እንዳታውቅ።

ዶን ቤቶ እንዳያውቅ።

የእኛ ደብር ሽማግሌዎች ጆሮ እንዳይደርስ።

እነዚያ ሴቶች አንድ ነገር እንዳይሆኑ።

ዶን ቤቶ እንዳይሞት።

መልሼ ሳነበው ቅደም ተከተሉን አየሁት። ሞቱን መጨረሻ ላይ ነው የጻፍኩት። ብዕሬን አስቀመጥኩ።

ዓርብ

ጠዋት ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ቀሲስ ከኔ ልጅ ያንሳሉ፤ ግን ቀሲስ ናቸው። ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው፤ መሀል ላይ ትንሽ ሊያስቃቸው የሚችል ነገር ጣል አደረግኩ። አልሳቁም።

«እንዲበሉ ፈቀድኩልዎ» አሉኝ፣ «እንዲዋሹ መች ፈቀድኩልዎ?»

«አፍሬ ነው አባ።»

«ፈቃዱ እንዳያፍሩ የተሰጠዎ ነበር።» ከዚያ ቀጠሉ፤ «ለኔ መንገርዎ ጥሩ ነው። የወደቀው ግን እኔ አይደለሁም።»

ዶን ቤቶ ከሰዓት በኋላ ከሆስፒታል ወጣ። ከኔ አንድ ፎቅ በላይ ነው ያለው። ሊፍት ትቼ በደረጃ ወጣሁ፤ እንዲረዝምልኝ። ሮሳ ከፍታልኝ «ሊመክሩህ መጡ» አለችው፤ ወጣ ብላም መድኃኒት ልታመጣ ሄደች። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከስቷል። እጁ ላይ የመርፌው ቦታ ጠቁሯል።

ቀልድ ፈለግኩ። አንድም አልመጣልኝም። «እኔ ጠዋት እበላለሁ» አልኩት።

አልገባውም። «ዛሬ?»

«ሁልጊዜ። ሰኞም በልቼ ነበር። ያን ቀን፣ እሱ ይሸከመኛል ያልኩህ ቀን።»

«ምን?»

«አጃ። በክኒኔ። ቀሲስ ፈቅደውልኛል።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። ስድብ ይሻለኝ ነበር፤ በስፓኒሽ ጥሩ አድርጎ ይሳደባል። ዓይኑን ከጣሪያው ሳይነቅል «እዚያ አምቡላንሱ ውስጥ ምን ሳስብ እንደነበር ታውቃለህ?» አለኝ። «አንተን ተሸክሞ እኔን ለምን ጣለኝ እያልኩ ነበር። መውደቄ አይደለም ያስለቀሰኝ። አንተን መርጦ እኔን እንደተወኝ ነው የቆጠርኩት።»

እጄን ላስቀምጥበት ብዬ ወደ ክንዱ ዘረጋሁ፤ ክንዱን ሰበሰበ።

«ውጣልኝ» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው።

ወጣሁ። ስለ ከረሜላው አልነገርኩትም። እሱን ለመናገር አፌ አልተከፈተም። እዚህ ጽፌዋለሁ፤ እዚህ መጻፍ መናገር አይደለም።

ቅዳሜ

ማህሌት ጠዋት መጣችልኝ። እኔ ነኝ ውሰጂኝ ያልኳት። በኢስት ኮልፋክስ መንገድ እየሄድን መናገር ጀመርኩ፤ ቀይ መብራት ሲይዘን ዝም እላለሁ፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ እቀጥላለሁ። እንደዚያ እያለ አለቀ። አንድ ግሮሰሪ በር ላይ ፓርክ አደረገችና መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች።

«ኦ ማይ ጋድ፣ አባባ።»

«አዎ።»

«ትላንትና ወዲያ ጠየቅኩዎት። እያለቀስኩ ጠየቅኩዎት።»

«አዎ።»

ከዚያ በእንግሊዝኛ ብዙ ተናገረች። ግማሹን አልሰማሁትም፤ የሰማሁት ግማሽ በቂዬ ነው። ሲበርድላት መኪናውን አስነሣች። «እዚያ እንዲናገሩ አላስገድድዎትም» አለች። «እንደ ኤግዚቢት አላቆምዎትም። ፈቃድዎ ነው።» አስቀይሜያት እንኳ ለክብሬ ታስባለች። ይሄ ደግሞ ሌላ እሳት ነው።

እንደፈራነው አልሆነም፤ አዳራሹ ውስጥ ሰው ነበር። ነገር ለመስማት የመጣ ሰው። በጎን በኩል ቁርስ ተደርድሯል፤ ቦሎቄ፣ ቶርቲያ፣ ዕንቁላል፣ ብርቱካን። ማንም አልነካውም። ዶን ቤቶ በሮሳ ክንድ ተደግፎ ገባና ከኋላ ተቀመጠ። እኔን አላየም፤ ወይም አየኝ።

ማህሌት ስላይድ የላትም። ወንበር ስባ መሀላቸው ተቀመጠችና ጠየቀች። እኔ ስፓኒሽ ባልችልም አጠገቤ ያለች ልጅ እግር በእንግሊዝኛ እያንሾካሾከች ነገረችኝ። ጥቁር ሻርፕ የለበሱ አሮጊት፣ እናቴ ስኳር ይዟት ጾማ እንደ ቅዱስ ሞተች አሉ። ማህሌት አልተከራከረችም፤ ስለ እናታቸው ጠየቀቻቸው፣ እሳቸውም ነገሯት። ፓድሬ የሚሏቸው ካህናቸው ተነሥተው ቤተ ክርስቲያን የታመመውን ከጾም ነጻ ታደርጋለች ቢሉ፣ አንዱ ከኋላ «ፓድሬ፣ እርስዎ አሜሪካ አለሰልሳዎታለች» አለ፤ ሁሉም ሳቀ። ለካ እነሱም የሚፈሩት የለሰለሰ መባልን ነው። እኔም የፈራሁት ያንኑ ነው።

ተነሣሁ። ወደ ቁርሱ ጠረጴዛ ሄድኩ። ቦሎቄውን ያቀረበችውን ሴት «ቅባቱ የምን ነው?» አልኳት፤ የዘይት ነው አለች። አንድ ቶርቲያ፣ በላዩ ቦሎቄ። ከኪሴ ክኒኔን አወጣሁ። ሁሉም ወደኔ ዞረ። መጀመሪያ አንድ ቀልድ ቢጤ ተናገርኩ፤ ስለ ዕድሜዬ ነበር።

«አባባ፣ ይሄን አልተረጉምም» አለች ማህሌት።

በአማርኛ ነው የተናገርኩት። በእንግሊዝኛ መዋሸት ለምዶብኛል። የኛ ጾም ከባድ ነው አልኩ፤ እሱ እውነት ነው። እኔ ግን ጠዋት እበላለሁ፣ ካህኔ ስኳሬን አይተው ፈቅደውልኛል፣ ስላፈርኩ ግን ለወዳጄ ለዶን ቤቶ አልበላም ብዬ ዋሸሁት። እሱ ያመነው ውሸቴን ነው። ክኒኑን ባዶ ሆዱን ሲውጥ ነገረኝ፤ ጉዳቱን እያወቅኩ ሳቅኩበት። ስኳሩ ሲወርድ ኪሴ ውስጥ ከረሜላ ነበረኝ፤ ሰው እንዳያየኝ ብዬ ለማውጣት ዘገየሁ። ይህችን የመጨረሻዋን ማህሌትም አላወቀቻትም ነበር። ቆም አለች። ከዚያ ተረጎመችው፤ ድምጿ ሳይቀንስ።

ከዚያ በላሁ። ያ ሁሉ ሰው ፊት ለፊት እያየኝ። ቦሎቄ እንደ ዛሬ ፈትኖኝ አያውቅም።

አሮጊቷ ቀደሙ። «ታዲያ ክኒኑ ካልሆነ ምን ጣለው?» ማህሌትን ነው የጠየቁት። ተጠራ ማለት ነው፤ ያ በር ላይ የቆመው ሳይንስ። ማህሌት መልሳ ጠየቀቻቸው፤ ቶርቲያ መጋገሪያውን ብረት ምጣድ እሳት ላይ ጥደው ምንም ሳያስቀምጡበት ቢሄዱስ? «ራሱን ያቃጥላላ» አሉ አሮጊቷ። «ክኒኑም ስኳር ለማውረድ ነው የሚሠራ» አለች፣ «ምግብ ካላገኘ እጁን አያጥፍም፤ ያለችውን ያወርዳታል። ክኒኑም ብቻውን አልጣላቸውም፤ ጾሙም ብቻውን አልጣላቸውም። ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አንዱን ከአንዱ ሲያጋጥሙት ነው።» ሰዎቹ እርስ በርስ ተነጋገሩ። ክኒናቸውን ካቆሙት ሁለት ሴቶች አንዷ ማህሌት ሐኪሟ ጋ እንድትደውልላት ስልኳን ሰጠቻት። ሌላዋ ምንም ሳትል ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች።

ዶን ቤቶ ከተቀመጠበት ተናገረ። ለኔ ነው፤ በእንግሊዝኛ።

«ካህንህ ፈቀዱልህ?»

«አዎ።»

«እና አፈርክ።»

«አዎ።»

«ካህኑ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ሰጡህ፤ አንተ የኔን ጭብጨባ ፈለግህ።» ተነሣ። ሮሳ ደገፈችው። እኔን ሳያይ ወጣ። ቁርሱን አልነካም።

እሑድ

ቅዳሴ ሄድኩ። ዛሬ መጻጉዕ ነው። ያ በመጠመቂያው ዳር ስንት ዘመን የተኛ በሽተኛ፣ የሚያነሣው ሰው ያጣው። ሁልጊዜ ሲነበብ አዝንለት ነበር። ዛሬ ግን ዶን ቤቶ ትዝ አለኝ። እሱ ሰው አላጣም፤ አጠገቡ እኔ ነበርኩ። ባጣ ይሻለው ነበር።

ስንወጣ አንድ የደብራችን ሽማግሌ፣ እንደ ደንቡ፣ «ጾሙ እንዴት ይዞሃል?» አለኝ። እንደ ደንቡ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ነው። አልኩ፤ ግን ቀጠልኩበት። «እኔ ጠዋት እበላለሁ። ስኳር አለብኝ። ቀሲስ ፈቅደውልኛል።»

ግራና ቀኙን አየ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «እኔም» ብሎኝ በፍጥነት ወደ መኪናው ሄደ። ሚስቱ እንዳትሰማ ይመስላል።

ለማህሌት ደውዬ ነገርኳት። አሁንም ድምጿ ቀዝቃዛ ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ስንት እንደሱ አሉ አባባ?» አለች። አላውቅም፤ ማን ይናገራል? «እናንተም ጋ መምጣት አለብኝ» አለች። እናንተ ጋ አለችኝ፤ እኛ ጋ አላለችም። ይገባኛል።

ዶን ቤቶ ይብላ አይብላ የነገረኝ የለም። ሮሳን ለመጠየቅ አፈርኩ።

ሰኞ

ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አጃው ገና እሳት ላይ ነው። ዶን ቤቶ ነው፤ ከነካናቴራው፣ በእጁ አንድ ፌስታል ይዞ።

«ግባ» አልኩት። ገባ። ወንበሩን ከጠረጴዛው አራቀና ተቀመጠ።

«ፓድሬ ማታ መጡ» አለኝ። «ብላ አሉኝ። ልጄም ብላ አለችኝ። ሐኪሙም፣ ያንተም የልጅ ልጅ። ሁሉም ይናገራል። አንተም ተናግረህ ነበር። ስለዚህ ወሬ አልፈልግም። ስትበላ ልይህ።»

አጃውን በሳህን አደረግኩ። ተቀመጥኩ። እጆቹን አጣምሮ አየኝ። ሰው ሲያይህ መብላት እንዴት ይከብዳል! እንደ ሌባ ነው የጎረስኩት። መሀል ላይ ክኒኔን አሳየሁት፤ ዋጥኩ። አፌን ልክፈትልህ ልለው ነበር፤ ተውኩት። ሳህኑን ጠርጌ ጨረስኩ፤ ወደሱ አዘንብዬ አሳየሁት።

የዚህ አገር ክረምት ገና አልወጣም፤ መስኮቱ ላይ ጤዛ አለ፤ እሱን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ከፌስታሉ በጨርቅ የተጠቀለለ ቶርቲያ አወጣ፤ ትንሽ ቦሎቄ በጣሳ። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። በስፓኒሽ ጸለየ፤ እኔም በልቤ የኔን አልኩ። በላ። ቀስ እያለ፣ እያንዳንዱን ጉርሻ እንደሚቆጥር ሰው። አንድ ጊዜ ማኘኩን አቁሞ ዓይኑን ጨፈነ፤ እንባ መሰለኝ፤ አላጣራሁም። ክኒኑን ከሱሪው ኪስ አወጣ፤ መዳፉ ላይ አድርጎ አየው፤ ዋጠው።

ውሃ ሰጠሁት። ጠጣ።

ከዚያ ፍርፋሪውን ሰብስቦ ፌስታሉ ውስጥ ከተተና ተነሣ። ዶሚኖ አላነሣም። እኔም አላነሣሁም። «ነገስ?» አልኩት። «ነገ ረሃቤን አይቼ» አለኝ። በሩ ድረስ ሸኘሁት። ኮሪደሩን ግድግዳ እየያዘ ሄደ፤ ሊፍቱ እስኪመጣ ቆሜ አየሁት።

ይቅር ብለኸኛል ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም። ዶን ቤቶ ከጠየቁት እውነቱን የሚናገር ሰው ነው።